ካሴቱ ሳያልቅ

ለቡ አዲስ የተከፈተ አንድ ካፌ ውስጥ የእኛን ድህነት ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል። የከሰል ካውያ፣ ቀለሙ የተላጠ የብረት ትሪ፣ በጣት እየዞረ የሚደወል ስልክ፣ የወታደር ኮዳ። ለጌጥ ነው። አንድ ወጣት ማኪያቶውን አስቀምጦ ኮዳውን ፎቶ ሲያነሳ አየሁና «የዚህ ኮዳ ባለቤት የት እንደቀረ ታውቃለህ?» ልለው ቃጣኝ፤ ተውኩት። ትዝታን የሚቸረችሩ ሰዎችን አልወድም። «ድሮ ቀረ» የሚሉ እኩዮቼንም አልወድም፤ ድሮን በደንብ ስለማስታውሰው።

ልወጣ ስል ነው ከስልኩ ጎን ያየሁት። የጡብ ያህል የወፈረ፣ ጥቁር ፕላስቲክ ካሴት። ላዩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ነጥቷል፤ ቢሆንም ሰውየውን አውቄዋለሁ። ሰፊ ባርኔጣ ያጠለቀ ቀጭን ፈረንጅ የእንጨት አጥር ተደግፎ ቆሟል፤ ከኋላው አንድ ፈረስ ፊቱን አዙሮበታል።

«ማዘር፣ እሱ ኤይት ትራክ ይባላል» አለኝ አስተናጋጁ ዓይኔን ተከትሎ። «ድሮ ነው የቀረው። ካንትሪ ነው፣ የፈረንጅ ገጠር ዘፈን። በጣም ሬር ነው፤ እንኳን እዚህ አሜሪካም አይገኝም አሉ።»

«ይሠራል?»

«ኧረ ማጫወቻውስ የት ተገኝቶ! ለዓይን ነው እንጂ።»

አውርዶ ሰጠኝ። በዕድሜዬ የማይጠበቅ ነገር አደረግኩ፤ አፍንጫዬ ጋ አስጠግቼ አሸተትኩት። ውስጡ ያለችው ትንሽ የጎማ ክብ ቀልጣለች። የቀለጠ ጎማ፣ አቧራ፣ የጋለ ፕላስቲክ። አስተናጋጁ ጤንነቴን እየተጠራጠረ ቆሞ ሳለ እኔ መካኒሳ፣ እትዬ ታደለች ቤት፣ ከባትሪው አጠገብ ቁጢጥ ብያለሁ።

*

ያኔ መካኒሳን ከተማ ነው ማለት ከተማን መስደብ ነበር። በላፍቶ በኩል እርሻ ነው፤ ክረምት ሲገባ ጭቃው ጫማ ይውጣል። ነፋስ በተነሳ ቁጥር ከወንዙ ማዶ ካለው ፋብሪካ የአልኮል ሽታ ይመጣል። እኔ እስከ ሦስተኛ ክፍል ድረስ የዝናብ ሽታ እሱ ይመስለኝ ነበር።

ጋሽ ኤርጋኖና እትዬ ታደለች አጥር ተጋሪዎቻችን ነበሩ። ከሆሳዕና አካባቢ የመጡ ናቸው። ጴንጤዎች ናቸው፤ ያኔ ቃሉ ስድብ ነበር። የሚሰበሰቡበት ቤት ከታሸገ ቆይቷል፤ የሚጸልዩት ሰው ቤት ተሸሽገው፣ ድምፃቸውን ውጠው ነው። እናቴ «ጴንጤ ቤት ምን አለሽ? እግርሽን ሰብስቢ!» ትለኝ ነበር። በርበሬ ሲያልቅባት ግን አጥሩ ላይ ተንጠልጥላ «እትዬ ታደለች!» የምትለው እሷው ራሷ ናት፤ በርበሬው ሃይማኖት አልነበረውም።

ጋሽ ኤርጋኖ ድሮ ለመንገድ ጥናት የመጡ ፈረንጆች ሾፌር ነበሩ። ፈረንጆቹ ተጠራርገው ሲወጡ አለቃቸው ጂፑ ላይ የነበረውን ማጫወቻ ነቅሎ ሰጣቸው። ካሴቱ ማሽኑ አፍ ውስጥ ተሰክቶ ስለነበር አብሮ መጣ እንጂ አስቦበት የሰጣቸው አይመስለኝም። እኛ ልጆቹ ካሴቱን «ጡቡ»፣ ዘፋኙን «ባለ ባርኔጣው» እንለዋለን። ስሙ የተጻፈበት ቦታ በዘይት ጨቅይቶ ስለነበር ሌላ ስም ይኑረው አይኑረው ጠይቀንም አናውቅ።

ማሽኑ የመኪና ስለሆነ በመኪና ባትሪ እንጂ በቤት መብራት አይሠራም። ልጃቸው ጴጥሮስ በየቅዳሜው ባትሪውን ትከሻው ላይ አድርጎ ጎፋ ድረስ ይወስድና ጋራዥ ቻርጅ አስደርጎ ይመለሳል። ቅዳሜ ባለ ባርኔጣው ወጣት ነው፤ ድምፁ ጥርት ያለ፣ ፈጠን ያለ። ሳምንቱ እየገፋ ባትሪው ሲደክም ድምፁ እየወፈረ፣ ቃሉ እየተጎተተ ይሄዳል። ዓርብ ላይ ሽማግሌ ይሆናል። «ባለ ባርኔጣው አረጀ!» ብለን እንስቅ ነበር። እኔ የምር ነበር የመሰለኝ፤ ሰውየው በየሳምንቱ አርጅቶ፣ ቅዳሜ ጎፋ ሄዶ ወጣት ሆኖ የሚመለስ።

ጴጥሮስ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበር። ረጅም፣ ቀልደኛ፣ ለልጆች ጊዜ ያለው። የሰፈሩ ዱርዬዎች «ጴጥሮስ ጴንጤ!» ብለው ሲጠሩት «አቤት!» እያለ ስድቡን ስም አድርጎባቸው ነበር። ካሴቱን ከፍቶ ያሳየኝ እሱ ነው።

«አየሽ ትርሲት? ሌላው ካሴት መጀመሪያና መጨረሻ አለው። የዚህ ግን ጫፍና ጫፉ ተጣብቋል። እንደ ቀለበት ነው። ይዞራል፣ ይዞራል፣ አያልቅም።»

«መቼም?»

«መቼም። ጫፎቹ የተጣበቁበት ቦታ ይቺ ብር የመሰለች ቁራጭ አለች። እሷ ስታልፍ ማሽኑ ቋ ይልና ወደሚቀጥለው መስመር ይዘላል። አራት መስመር ነው ያለው። አራቱን ሲጨርስ እንደገና ከመጀመሪያው።»

ያ ቋ ማለቱ፣ እኛ «ቋታው» የምንለው፣ ዘፈን ይጨርስ አይጨርስ ግድ አልነበረውም። አንዱን ዘፈን መሀል ለመሀል፣ ያውም ቃል ላይ ይቆርጠዋል። ባለ ባርኔጣው «ውስ…» ይላል፤ ቋ!፤ «…ጤ» ብሎ ይቀጥላል።

እትዬ ታደለች ቤታቸው ውስጥ ዓለማዊ ዘፈን እንዲሰማ አይፈቅዱም። ሬዲዮ ዘፈን ሲጀምር ይዘጋል። ጡቡ የተፈቀደው ጴጥሮስ «መዝሙር ነው» ብሎ ስለነገራቸው ነው። ፍጹም ውሸት አልነበረም፤ የመጨረሻው ዘፈን እውነትም መዝሙር ነበር፤ ዜማውን እሳቸውም በአገራቸው ቋንቋ ያውቁታል። በዚያች አንዲት መዝሙር ሌሎቹ ሁሉ ዳኑ። ጋሽ ኤርጋኖ እንግሊዝኛ ይሰማሉ። ባለ ባርኔጣው ሲጀምር ግን ወይ ሚስማር ይፈልጋሉ፣ ወይ ጓሮ ይወጣሉ። ለምን እንደሚወጡ ያኔ አላውቅም ነበር።

*

ሰኔ ላይ፣ ትምህርት ሊዘጋ ሲል፣ ጴጥሮስን ቀበሌ ለስብሰባ ጠሩት።

በነጠላ ጫማ ነው የሄደው። «መጣሁ፣ ምሳ እንዳታነሱ» ብሎ ወጣ። ስብሰባው የብሔራዊ ውትድርና ነበር፤ አዳራሹ ከውጭ ተቆለፈ። በነጋታው እናቶች ጫማና ሹራብ ይዘው የቀበሌው አጥር ሥር ተኮለኮሉ። እትዬ ታደለች ቆዳ ጫማውን ይዘው እጄን ጎትተው ወሰዱኝ፤ ለምን እኔን እንደወሰዱ አላውቅም፤ የሆነ እጅ መያዝ ፈልገው ይሆናል።

ጴጥሮስ በአጥሩ ቀዳዳ ጫማውን ተቀበለ። ፊቱ ሌላ ፊት ነበር፤ እናቱን ሲያይ ግን የድሮውን አደረገው።

«እማ፣ አታልቅሺ። ሰው ያያል።»

«መቼ ነው የምትመጣልኝ?»

ዞር ብሎ ሊጭናቸው የቆመውን የወታደር መኪና አየ። ከዚያ ፈገግ አለ፤ ያቺን ፈገግታ ከሱ ውጭ ማንም ላይ አላየሁም።

«ካሴቱ ሳያልቅ እመጣለሁ።»

ተጫነና ሄደ።

ይህን ቃል ሦስታችን ለየብቻ ወሰድነው። እትዬ ታደለች ቃል ኪዳን ነው ብለው ያዙት። ጋሽ ኤርጋኖ ሲነገራቸው እንደ መመታት አሉ፤ አንገታቸውን ደፍተው ወደ ጓሮ ወጡ። እኔ ግን ነገሩ አላማረኝም፤ ካሴቱ እንደማያልቅ ከጴጥሮስ በቀር የማውቀው እኔ ብቻ መሰለኝ። ቀን ቆጥሬ አልነበረም፤ አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናብ አግቶኝ እዚያው ቤት ሳለሁ ተናገርኩ።

«እትዬ፣ ያ ካሴት እኮ አያልቅም።»

ሽንኩርት እየላጡ ነበር። ቢላዋቸውን አቆሙ።

«አያልቅም?»

«ጴጥሮስ ነው ያሳየኝ። ቀለበት ነው።»

ብዙ አሰቡ። ከዚያ ፊታቸው በራ።

«እንግዲያማ ጥሩ ነዋ! ልጄን አታጣድፉብኝ ማለት ነው። ጊዜ አለው ማለት ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጡቡ እሑድ እሑድ ያለማቋረጥ ይጫወት ጀመር። በሳምንቱ ውስጥ ባትሪው እንዲቆይ ትንሽ ትንሽ፣ እሑድ ግን ከቀትር እስከ ምሽት። ባትሪውን አሁን የሚሸከሙት ጋሽ ኤርጋኖ ናቸው። በዚያ ጭቃ፣ ጎፋ ደርሶ መልስ። አሲዱ እየፈሰሰ ኮታቸውን ትከሻው ላይ በላው፤ እትዬ ታደለች ይጥፉታል፤ ደግሞ ይበላዋል፤ ደግሞ ይጥፉታል።

*

እሑድ ከሰዓት ሁለት ሦስት የጸሎት ጓደኞቻቸው ይመጣሉ። መዘመር ስለማይቻል ባለ ባርኔጣው ይዘምርላቸዋል። በጉሮሯቸው ብቻ ያንጎራጉራሉ፤ ከውጭ የሚሰማው የፈረንጁ ድምፅ ነው። እኔም ሙሉውን በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ማለትም ድምፁን። አንዱ ዘፈን ላይ «ሎሚ ሰም፣ ሎሚ ሰም» ይላል። ሎሚና ሰም ምን እንዳገናኛቸው ብዙ ተጨንቄበታለሁ፤ በኋላ ምናልባት ለጉንፋን ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ያ ቋታው የሚቆርጠው ዘፈን ግን አላስጨነቀኝም፤ በአማርኛ ነበርና። «ውስጤ» ይላል ሰውየው። «ኦ፣ ውስጤ።» እትዬ ታደለች መጀመሪያ ልብ ብለው የሰሙት ጴጥሮስ ከሄደ በኋላ ነው። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

«ሰማችሁት? ውስጤ እኮ ነው የሚለው።»

«ፈረንጅ አይደል እንዴ?» አለች አንዷ ጓደኛቸው።

«ቢሆንስ? ልጅ የሄደበት ሰው ነው ይሄ። ሌላ ሰው እንዲህ አድርጎ ውስጤ አይልም።»

ሴቶቹ ባለ ባርኔጣው የሄደበት ልጅ እንዲመለስለት ጸለዩ። የምር ነው፤ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ስሙን ለማያውቁት ሰውዬ።

ጋሽ ኤርጋኖን ጓሮ ሄጄ ጠየቅኳቸው። «ጋሼ፣ በእንግሊዝኛ ውስጤ ማለት ምን ማለት ነው?»

የተጣመመ ሚስማር እያቀኑ ነበር። ቀና ሳይሉ አንድ ጊዜ መቱት።

«ውስጤ ማለት ነው» አሉ። «እዚያም እንደዚሁ ነው የሚሉት።»

እንግሊዝኛ ሳውቅ ነው የገባኝ። ባለ ባርኔጣው ይጠራ የነበረው ውስኪ ነው። ሚስቱ ትታው ሄዳ፣ ቡና ቤት ተቀምጦ፣ ጠርሙሱን ነው የሚያናግረው። ከመዝሙሯ በቀር ካሴቱ እንዳለ የሰካራምና የባለጌ ታሪክ ነበር። «ሎሚ ሰም» ያልኩትም «ሎንሰም» ነው፤ ብቸኝነቱን ነው የሚያወራው። ሰው ይህን ስነግረው ይስቃል፤ እኔም ድሮ አብሬ እስቅ ነበር። አሁን አልስቅም። ከትርጉም ሥራ ጋር ዕድሜዬን ስታገል ኖሬያለሁ፤ ከእትዬ ታደለች የተሻለ ትርጉም አላየሁም። ሰውየው ጠርሙሱን ሲጠራ ምን እያለ እንደሆነ እሳቸው ከራሱ ይበልጥ ሰምተውታል።

*

ነሐሴ ላይ ጓድ ጥላዬ መጡ። የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ናቸው፤ የጴጥሮስን ስም ዝርዝር ላይ ያስገባው ኮሚቴ አባልም ነበሩ። ክፉ ሰው ነበሩ ብዬ ብጽፍ ይቀለኝ ነበር፤ ግን የእህታቸው ልጅ ከጴጥሮስ ጋር እዚያው መኪና ላይ ነበር። ዝናቡ እየወረደ በሩን ሳያንኳኩ ገቡ፣ ኮፍያቸው እየተንጠባጠበ። ሴቶቹ ደርቀው ቀሩ። ባለ ባርኔጣው ቀጠለ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ቴፕ ነው፣ ጓድ» አሉ ጋሽ ኤርጋኖ ከጓሮ ገብተው።

«ቴፕ መሆኑንማ አያለሁ። ምን እያለ ነው? ጸሎት ነው ተብሏል።»

«ጸሎት አይደለም። ካንትሪ ነው።»

«ምን?»

«ካንትሪ።»

ይህን ቃል አውቀዋለሁ! በዚያ ዓመት ከክፍል በእንግሊዝኛ የሚቀድመኝ አልነበረም። ከባትሪው ጎን ተስፈንጥሬ ተነሳሁ።

«ካንትሪ ማለት አገር ማለት ነው! ማይ ካንትሪ፣ አገሬ!»

ጓድ ጥላዬ ኮፍያቸውን አወለቁ። ሳያስቡት ነው፤ እጃቸው ራሱ ነው የሄደው። ያን ጊዜ አገር የሚለው ቃል ሲጠራ ባርኔጣ ማውለቅ፣ ቆሞ መጨብጨብ የለመደ ትውልድ ነበር።

«ስለ አገር ነው የሚዘፍነው?»

«ስለ አገሩ ነው» አሉ ጋሽ ኤርጋኖ።

ጓድ ጥላዬ ኮፍያቸውን ደረታቸው ላይ እንደያዙ ትንሽ አሰቡ። «የማን አገር?»

«የራሱ።»

«የራሱማ አሜሪካ ነው!»

«ገበሬ ነው፣ ጓድ። እዩት አጥሩን፣ እዩት ፈረሱን። የአሜሪካ ገበሬ ነው።»

«ጭቁን ነው?»

«ታዲያ ምን ያስለቅሰዋል?»

አንዷ ሴትዮ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች። ጓድ ጥላዬ ግን ነገሩን በቁም ነገር ያዙት። ጎንበስ ብለው አደመጡ። «እውነት ነው፣ ያለቅሳል» አሉ። ቀና ሲሉ ሐሳብ መጥቶላቸው ነበር።

«ይሄ ለውይይት ክበባችን ይጠቅማል። የካፒታሊዝም ገበሬ ምን እንደሚመስል ሕዝቡ በጆሮው ይስማ። ሐሙስ ከነማሽኑ ላኩልኝ።»

እትዬ ታደለች ተነስተው በማሽኑና በሰውየው መካከል ቆሙ።

«አይወጣም።»

«ይመለሳል እኮ፣ እትዬ ታደለች። ለስብሰባ ብቻ ነው።»

«ጴጥሮስንም ለስብሰባ ብቻ ነው ያላችሁኝ።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ባለ ባርኔጣው «ውስ…» አለ። ቋ! «…ጤ።» ጓድ ጥላዬ ኮፍያቸውን አጠለቁ፤ ሲያጠልቁት ውሃው ፊታቸው ላይ ወረደ። «ድምፁን ቀንሱት» አሉና ወጡ። ስለ ካሴቱም ስለ ጸሎቱም ዳግመኛ አልጠየቁም።

*

መስከረም ላይ ካሴቱ አለቀ።

እትዬ ታደለች ገበያ ወጥተው ነበር። ባለ ባርኔጣው «ውስ…» ብሎ ቋታውን ስጠብቅ፣ በምትኩ እንደ ወረቀት የሚንኮሻኮሽ ነገር ሰማሁ። ከዚያ ዝም። ጋሽ ኤርጋኖ ከጓሮ ሮጠው ገቡ። ሲሮጡ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ካሴቱን ከማሽኑ ሲስቡት ቡናማው ክር ተከትሎ እየተተረተረ መጣ። ጫፎቹ የተጣበቁበት ቦታ ለቆ ነበር፤ ብር የመሰለችው ቁራጭ ደርቃ ወለሉ ላይ ወደቀች።

ቀለበቱ ጫፍ ነበረው። ሁለት ጫፍ።

ጋሽ ኤርጋኖ ወለሉ ላይ ተቀምጠው ክሩን በሁለት ጣታቸው እየለቀሙ መልሰው ጠቀለሉት። ጫፎቹን በቁስል ፕላስተር አጣበቁና በምላጭ ከረከሟቸው። ብሯ ግን እንደገና አልጣበቅ አለች። ማሽኑ ውስጥ ሲከቱት ዘፈነ፤ ግን ቋ አላለም። «ውስ…» ካለ በኋላ ወደሚቀጥለው መስመር መዝለሉን ትቶ ያንኑ መስመር ከመጀመሪያው ጀመረው። ያለ ብሯ፣ መስመር መቀየሪያውን ቁልፍ በእጅ ካልተጫኑት በቀር አይዘልም።

«እንዳትነግሪያት» አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ልመና ነው።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ኤርጋኖ ጓሮ መውጣት ተዉ። እሑድ እሑድ ከማሽኑ አጠገብ በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ፣ እጃቸውን ቁልፉ ላይ ጣል አድርገው፣ እንደደከመው ሰው። ያንን የጠሉትን ዘፈን ሁሉ ቃል በቃል እየሰሙ። ቦታው ሲደርስ ይጫናሉ። ቋ! ሴቶቹ «ጋሽ ኤርጋኖም ልባቸው ተነካ፤ መዝሙር ይሰሙ ጀመር» ብለው እግዚአብሔርን አመሰገኑ።

ጥቅምት ተጋምሶ ቅዳሜ ዕለት እኛ በር ላይ ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት፣ ጋሽ ኤርጋኖ ባትሪውን ተሸክመው ከጎፋ ሲመለሱ አየኋቸው። ጓድ ጥላዬ መንገዱ ላይ አስቆሟቸው። ጓድ ጥላዬ መሬት መሬት እያዩ አወሩ፤ ብዙ አወሩ። ጋሽ ኤርጋኖ ባትሪውን አላወረዱም። በጣም ገርሞኝ ነበር። ሰው ያን ያህል ሸክም ትከሻው ላይ እያለ እንዴት ቆሞ ወሬ ይሰማል? አውርዶ አይሰማም? አሲዱ በኮታቸው ጀርባ ላይ መስመር እየሠራ ሲወርድ ይታየኛል፤ እሳቸው አልተሰማቸውም።

በነጋታው እሑድ እንደወትሮው ተቀመጡ። ቁልፉንም ተጫኑ፤ ግን አልፎ አልፎ ይዘገዩ ነበር።

በቀጣዩ ሳምንት ባትሪው ጎፋ አልሄደም። ወገባቸውን አሟቸዋል ተባለ። እሑድ ባለ ባርኔጣው ገና ከጅምሩ አርጅቶ ነበር። ሴቶቹ ጸልየው ሄዱ፤ እኔ፣ ጋሽ ኤርጋኖና እትዬ ታደለች ቀረን። በተከፈተው በር የፋብሪካው ሽታ ይገባል። ዘፈኑ «ውስ…» ጋ ደረሰ፤ የጋሽ ኤርጋኖ እጅ ቁልፉ ላይ ነበር፤ አልተንቀሳቀሰም። ዓይናቸው ወለሉ ላይ ነው። መስመሩ ተመልሶ ከመጀመሪያው ጀመረ።

እትዬ ታደለች መስመሩ እስኪዞር ድረስ እጃቸውን አጣምረው ጠበቁ። «ውስ…» ሲል እጃቸውን ዘርግተው በባላቸው እጅ ላይ አደረጉና ተጫኑት። ቋ!

«…ጤ።»

«አለቀ፣ አይደል? የጴጥሮስ አባት።»

ጋሽ ኤርጋኖ ዓይናቸውን ከወለሉ ላይ አላነሱም።

«ካሴቱ መስከረም እንዳለቀ አውቄያለሁ። ማሽኑ እንዳንተ አይዘገይም። እሱን አይደለም የምጠይቅህ።»

እኔ ደነገጥኩ። ጋሽ ኤርጋኖ ተጋለጡ ብዬ ነው። «እትዬ፣ ተቀጥሏል እኮ!» አልኩ ተነስቼ። «ጋሼ ቀጥለውታል! አላለቀም፣ ተቀጥሏል!»

እትዬ ታደለች ራሴን ይዘው ጉልበታቸው ላይ አስተኙኝ። «እሺ የኔ ልጅ» አሉኝ። ከዚያ በላዬ አሻግረው፣ ለባላቸው፦ «መቼ ነው የሰማኸው?»

«ባለፈው ቅዳሜ» አሉ ጋሽ ኤርጋኖ። ድምፃቸው የዓርብ ድምፅ ነበር። «ባትሪውን ተሸክሜ ነበር።»

ጩኸት የለም። ለጎረቤት የሚነገርበት ጊዜ ይመጣል፤ እናቴ አጥሩን ጥሳ የምትገባበት፣ ድንኳን የሚተከልበት። ያን ሰዓት ግን ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ጋሽ ኤርጋኖ ሊያጠፉት እጃቸውን ወደ ማሽኑ ሰነዘሩ።

«ተወው» አሉ እትዬ ታደለች። «እሱ እንኳ ያርጅ።»

ተዉት። ቁልፉን የሚጫን አልነበረም፤ አንዱ መስመር ብቻ ይዞር ጀመር። ባትሪው እየደከመ፣ ባለ ባርኔጣው በየዙሩ እያረጀ ሄደ። ጎልማሳ ሆነ። አባት ሆነ። የጋሽ ኤርጋኖን ድምፅ መሰለ፤ ከዚያም አልፎ ሄደ፤ ቃሉ የማይለይ፣ ከመሬት በታች የሚመጣ የሚመስል፣ የሽማግሌዎች ሽማግሌ ሆነ። እኔ ከእትዬ ታደለች ጉልበት ላይ ሆኜ አዳመጥኩ። መጨረሻ ላይ በጣም በዝግታ «ው…ስ…» አለና ቆመ።

ቋታውን ጠበቅኩ። አልመጣም።

«…ጤ» አልኩ፣ በሹክሹክታ፣ ቃሉ ተቆርጦ እንዳይቀር።